የሜሪዲያን ሂል መናፈሻ፦ ታሪኩ፣ ገጽታው እና በአስተዳደሩ ላይ የጎረቤቶቹ ድምፅ

«መናፈሻ» የሚለው ቃል «ነፈሰ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ሰው ከቤቱ ጥበትና ከሥራው ጫና ወጥቶ ነፋስ የሚቀበልበት፣ ለጥቂት ጊዜም የሚያርፍበት ስፍራ ማለት ነው። ቃሉ ባለቤት አይጠቅስም፤ ሕግ ግን ይጠቅሳል። የአንድ መናፈሻ ፏፏቴ ይፈስስ እንደሆነ፣ በሩ መቼ እንደሚዘጋ፣ በሣሩ ላይ ስንት ሰው መሰብሰብ እንደሚችል፣ በድንጋዩ ላይ የማን ታሪክ እንደሚጻፍ የሚወስን አካል ሁልጊዜ አለ። የዚህ ንግግር ርእስ የሆነው በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው የሜሪዲያን ሂል መናፈሻ ይህን እውነት ከብዙዎች ይልቅ ግልጽ አድርጎ ያሳያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮረብታውና ስሙ

መናፈሻው ከዋይት ሐውስ በስተ ሰሜን አንድ ማይል ተኩል ያህል ርቆ፣ በ15ኛውና በ16ኛው ጎዳና፣ በደብሊው እና በኢውክሊድ መንገዶች መካከል ይገኛል። ስፋቱ 12 ኤከር ገደማ ወይም ወደ 5 ሄክታር የሚጠጋ ነው። የተሠራበት ቦታ የጥንቱ የከተማዋ ዝቅተኛ ሜዳ አብቅቶ መሬቱ በድንገት ወደ ላይ የሚነሣበት በመሆኑ፣ ከላይኛው እርከን ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው ከተማይቱን ከበታቹ ያገኛታል።

ሜሪዲያን የኬንትሮስ መስመር ማለት ነው። ወጣቷ አሜሪካ ለካርታዎቿና ለመርከቦቿ የእንግሊዝን መስመር ከመከተል ይልቅ የራሷን ዜሮ መስመር ለማስመር ፈልጋ ነበር። በ1804፣ በፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ዘመን፣ ከዋይት ሐውስ በቀጥታ ወደ ሰሜን የሚዘረጋውን መስመር የሚያመለክት ድንጋይ በዚህ ኮረብታ ላይ ተተከለ። በ1884 ዓለም አቀፉ ጉባኤ ግሪኒችን ስለመረጠ የአሜሪካ መስመር ተረሳ፤ ስሙ ግን በኮረብታው ላይ ቀረ። ለስሙ መጽናት ሌላው ምክንያት፣ ዴቪድ ፖርተር የተባለው የባሕር ኃይል አዛዥ በ1810ዎቹ በዚሁ ቦታ ትልቅ ቤት ሠርቶ ርስቱን «ሜሪዲያን ሂል» ብሎ መጥራቱ ነው። ጆን ኩዊንሲ አዳምስም በ1829 ከፕሬዚዳንትነት ሲወርዱ በዚያው ቤት ተቀምጠዋል።

ከመናፈሻው በፊት የነበሩት

የመናፈሻው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ከግንባታው ጀምሮ ነው። ኮረብታው ግን ባዶ መሬት አልነበረም። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን የሰሜኑ ጦር ሠራዊት ሰፍሮበታል። ከጦርነቱ በኋላ ርስቱ ተከፋፍሎ ሲሸጥ፣ ከባርነት የወጡና ነፃ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች በዚያ ቤት ሠርተው ኖረዋል። ዌይላንድ ሴሚናሪ የተባለው፣ ከባርነት ለወጡ ሰዎች መምህራንንና ሰባክያንን ለማፍራት የተቋቋመው ትምህርት ቤት በዚሁ ኮረብታ ላይ ነበር። ዝነኛው መምህር ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በ1870ዎቹ መጨረሻ በዚያ ለአጭር ጊዜ ተምሯል።

በ1888 ከኮረብታው ማዶ፣ በ16ኛው ጎዳና ላይ፣ የሚዙሪ ሴናተር የነበሩት ጆን ሄንደርሰን እና ባለቤታቸው ሜሪ ፉት ሄንደርሰን ግንብ የመሰለ ትልቅ ቤት አስገነቡ። ሴናተሩ ባርነትን ያስቀረውን 13ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1864 ለሴኔት ያቀረቡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ደግሞ 16ኛውን ጎዳና የዋና ከተማይቱ ዋና ዘውድ ለማድረግ ዕድሜያቸውን የሰጡ፣ በኮንግረስ አዳራሾች ያለ መታከት የተመላለሱ ሴት ነበሩ። ዋይት ሐውስ ራሱ ወደዚህ ኮረብታ እንዲዛወር፣ ቆይቶም የሊንከን መታሰቢያ በዚያ እንዲቆም ጠይቀዋል። ሁለቱም አልተሳኩላቸውም። በ1910 ግን ኮንግረስ መሬቱ ተገዝቶ መናፈሻ እንዲሆን ፈቀደ።

በዚህ ውሳኔ በኮረብታው ላይ ይኖሩ የነበሩት ጥቁር ቤተሰቦች ቤታቸውን ለቅቀው ሄዱ። የሄንደርሰን ቤት የባል ስም ከባርነት መጥፋት ጋር፣ የሚስት ስም ደግሞ ከባርነት የወጡት ሰዎችና ልጆቻቸው ከመኖሪያቸው ከመነሣታቸው ጋር ተያይዞ መቅረቱ የታሪክ ምጸት ነው። ለከተማው ሁሉ የታሰበ ውበት፣ በቅርቡ በነበሩት ሰዎች ኪሳራ ተጀመረ። የወሰኑት ሰዎች ክፉ አስበው ላይሆን ይችላል፤ የሚነሡት ሰዎች ግን ከውሳኔው ማዕድ አልተቀመጡም። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ይመለሳል።

የውበቱ አሠራር

መሬቱ ከተፈቀደበት ከ1910 አንሥቶ መናፈሻው እስከ ተጠናቀቀበት እስከ 1936 ድረስ 26 ዓመታት አልፈዋል። ሜሪ ሄንደርሰን በ1931 ስላረፉ ፍጻሜውን አላዩም። የመጀመሪያውን ንድፍ በ1914 ያወጣው የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያው ጆርጅ በርናፕ ነው፤ ሥራውን ተረክቦ ዳር ያደረሰው ደግሞ አርክቴክቱ ሆረስ ፒስሊ ነው። በ1933 የከተማዋ የፌዴራል መናፈሻዎች ሁሉ ሲተላለፉ፣ ይህም በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ገባ።

መናፈሻው ሁለት ጠባይ አለው። የላይኛው ክፍል ሰፊ የሣር መስክ ያለው፣ በዛፎች የታጠረ፣ የፈረንሳይን የአትክልት ስፍራዎች የሚያስታውስ ሜዳ ነው። የታችኛው ክፍል የጣልያንን የተራራ ላይ አትክልቶች ይመስላል። በሁለቱ መካከል ያለው ቁልቁለት በግንብና በደረጃ የተያዘ ሲሆን፣ መካከሉን ይዞ 13 ገንዳዎች ያሉት ፏፏቴ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሞላና እየፈሰሰ ይወርዳል። በሰሜን አሜሪካ ካሉት በደረጃ ከሚወርዱ ፏፏቴዎች ረጃጅሞቹ መካከል የሚቆጠር ነው።

ከሩቅ ሲታይ ግንቡ በጥርብ ድንጋይ የተሠራ ይመስላል። በእውነቱ ግን ኮንክሪት ነው። የጣልያኑ ዓይነት ሥራ በእውነተኛ ድንጋይ ቢሠራ ዋጋው ስለማይቻል፣ ጆን ጆሴፍ ኧርሊ የተባለ የእጅ ባለሙያ ከፖቶማክ ወንዝ የተለቀሙ ጠጠሮችን ከኮንክሪቱ ጋር አዋህዶ፣ ሳይደርቅ የላዩን ሲሚንቶ እያጠበ ጠጠሩን ገሃድ የሚያወጣበትን ዘዴ በዚህ ቦታ አዳበረ። ውድ ነገርን ለመምሰል የተጀመረው ብልሃት ራሱን የቻለ ጥበብ ሆነ። በ1994 መናፈሻው ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ሲሰየም ከታዩት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሥራ ነው።

ለበጀት ሠራተኞች ከዚህ የሚወጣ ትምህርት አለ። ይህ መናፈሻ ተክል ብቻ አይደለም፤ ግንብ፣ ቧንቧ፣ የውሃ መግፊያ ሞተርና የመብራት መስመር ነው። ሞተሩ ሲቆም 13ቱ ገንዳዎች ደርቀው ይቀመጣሉ፤ ጎብኚዎች ፏፏቴውን ባዶውን ያገኙባቸው ወቅቶችም ብዙ ናቸው። በኮንክሪት ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውሃ በክረምት ሲቀዘቅዝ ግንቡን ይሰነጥቃል። አንድ ዓመት የተላለፈ ጥገና በሚቀጥለው ዓመት ዋጋው ጨምሮ ይመጣል።

ሐውልቶቹ የሚናገሩት

በመናፈሻው ውስጥ ያሉት ሐውልቶች በአንድ ሐሳብ የተመረጡ አይደሉም። እያንዳንዱ በአንድ ወገን ጥያቄና ስጦታ የቆመ ነው፤ ስለዚህም በሕዝብ መሬት ላይ ቦታ ለማግኘት ማን አቅም እንደነበረው ይመሰክራሉ።

የባለቅኔው ዳንቴ ሐውልት በ1921 በጣልያን አሜሪካውያን ስም የተበረከተ ነው። ስጦታውን ያደረጉት በኒው ዮርክ የጣልያንኛ ጋዜጣ ያሳትሙ የነበሩት ካርሎ ባርሶቲ ናቸው። በዚያው በ1921 ኮንግረስ የስደተኞችን ቁጥር በኮታ የሚገድብ ሕግ አወጣ፤ በ1924ም ይበልጥ አጠበቀው። ሕጉ ከሁሉ በላይ በሩን የዘጋባቸው ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ ይመጡ የነበሩት፣ ጣልያኖች ጭምር ነበሩ። ባለቅኔያቸው በዋና ከተማይቱ በክብር ሲቆም፣ ዘመዶቻቸው በወደብ ይመለሱ ነበር። የባህል ክብር ከመብት ጋር አንድ ላይ እንደማይመጣ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

የዣን ዳርክ ሐውልት በ1922 በኒው ዮርክ የነበሩ የፈረንሳይ ሴቶች ማኅበር ለአሜሪካ ሴቶች ያበረከተው ነው። አሜሪካውያን ሴቶች በ19ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመምረጥ መብት ካገኙ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። በዋሽንግተን በፈረስ ላይ የተቀመጠች ሴት ያለችበት ሐውልት ይህ ብቻ ነው። ሰይፏ ተሰርቆ ባዶ እጇን ለብዙ ዓመታት ከቆየች በኋላ በ2011 ተተክቶላታል። ከነጭ እብነ በረድ የተቀረጸችው «ሴሬኒቲ» የተባለችው ሐውልት ደግሞ ፊቷ ተሰብሮባታል።

በታችኛው ክፍል በ1930 የተመረቀው የፕሬዚዳንት ጄምስ ቡካነን መታሰቢያ አለ። ቡካነን የእርስ በርስ ጦርነቱ ከመፈንዳቱ በፊት የነበሩና አገሪቱ ስትከፋፈል ለመግታት ባለመቻላቸው የሚወቀሱ መሪ ናቸው። መታሰቢያው የቆመው የእኅታቸው ልጅ ሃሪየት ሌን ጆንስተን በኑዛዜ በተውት ገንዘብ ነው። ዌይላንድ ሴሚናሪ በነበረበት ኮረብታ ላይ የቡካነን ሐውልት ሲቆም፣ ከዚያ ለተነሡት ቤተሰቦች ግን በዚያ ዘመን ሐውልት አልቆመላቸውም። ገንዘብና የሚከራከርለት ሰው ያለው በነሐስ ተጻፈ፤ የሌለው ተረሳ።

ሁለተኛው ስም

ማልኮም ኤክስ በየካቲት 1965 ተገደለ። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ከመናፈሻው በቅርብ ርቀት ያሉት የ14ኛው ጎዳናና የዩ ስትሪት ሱቆች በእሳት ነደዱ። በእነዚያ ዓመታት መናፈሻው የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ታጋዮች መሰብሰቢያ ሆነ፤ «ማልኮም ኤክስ መናፈሻ» የሚለው ስምም ከሰልፉ ወደ ሰፈሩ አፍ ገባ። ስሙን በሕግ ለመለወጥ ለኮንግረስ የቀረበው ሐሳብ አልጸደቀም። በካርታና በመንግሥት ሰሌዳ ላይ እስከ ዛሬ «ሜሪዲያን ሂል» ነው፤ በአካባቢው አንደበት ግን ሁለቱም ስሞች ሕያዋን ናቸው።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ በበጋ እሑዶች ከሰዓት በኋላ ከበሮ መቺዎች በላይኛው መስክ ክብ ሠርተው ይሰበሰባሉ። አመራር የለውም፤ መግቢያ አይጠየቅም። ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከካሪቢያንና ከአሜሪካ የመጡ ምቶች ይገናኛሉ፤ ሕፃናት ይጨፍራሉ፤ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ይሰማል። በየትኛውም ንድፍ ላይ ያልነበረው ይህ ልማድ ዛሬ ከፏፏቴው እኩል የመናፈሻው መለያ ነው። ንድፍ አውጪው ስፍራውን ይሠራል፤ ትርጉሙን የሚሰጠው ግን የሚመላለስበት ሕዝብ ነው።

ጎረቤቶቹ ያዳኑት ስፍራ

በ1980ዎቹ መጨረሻ ዋሽንግተን በአደንዛዥ ዕፅ ንግድና በግድያ ክፉኛ ተጎድታ ነበር። መናፈሻው ከጨለመ በኋላ የሚደፈር አልነበረም፤ ብዙዎች በቀንም ይሸሹት ነበር። በ1990 የአካባቢው ነዋሪዎች «የሜሪዲያን ሂል ወዳጆች» የተሰኘ ማኅበር አቋቋሙ። ጥቁርና ነጭ፣ ላቲኖና ሌላውም፣ ባለቤትና ተከራይ ተሰባስበው ማታ ማታ በቡድን በመናፈሻው መዘዋወር ጀመሩ። ቆሻሻ ለቀሙ፣ ተክል ተከሉ፣ ትምህርት ቤቶችን ጋበዙ፣ የሙዚቃ ዝግጅት መለሱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ አንድ የፖሊስ ጣቢያ ብቻውን ያልቻለውን ብዙ ሰው ተካፍሎ ቻለው። ወንጀሉ እጅግ ቀነሰ። በ1994 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የመሬት ቀንን ለማክበር ወደዚህ መናፈሻ መጡ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይነጻጸራሉ። በ1910 ጎረቤቶቹ ሳይጠየቁ መናፈሻው ተወሰነ፤ ዋጋውንም እነርሱ ከፈሉ። በ1990 ጎረቤቶቹ ሳይጠሩ መጡ፤ መናፈሻውንም አዳኑ። በሁለቱም ጊዜ የስፍራውን ዕጣ የወሰነው ከጎኑ የሚኖሩ ሰዎች በውሳኔው ውስጥ ያላቸው ቦታ ነው።

ዛሬ የሚወስነው ማን ነው?

መናፈሻው በከተማ መካከል ይገኝ እንጂ የከተማው አይደለም። በዋሽንግተን አብዛኛው የመናፈሻ መሬት የፌዴራል መንግሥት ነው። የከተማው ከንቲባና ምክር ቤት የመናፈሻውን የመዝጊያ ሰዓት መለወጥም ሆነ ለፏፏቴው ጥገና በራሳቸው ሥልጣን ማዘዝ አይችሉም። የነዋሪዎቹ ሁኔታ በዚህ ላይ ይጨመራል፦ የዲሲ ሕዝብ በሴኔት ወኪል የለውም፤ በተወካዮች ምክር ቤት ያለው ተወካይም በኮሚቴ ድምፅ ቢሰጥም በሕጎች የመጨረሻ ድምፅ አሰጣጥ ላይ አይመርጥም።

ከተማው በበኩሉ ለሰፈር ድምፅ በጎ ሥርዓት አበጅቷል። የአካባቢ አማካሪ ኮሚሽኖች አባላት ያለ ደመወዝ ለሁለት ዓመት ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱም ወደ 2,000 ለሚጠጉ ነዋሪዎች ይቆማል። የከተማው መሥሪያ ቤቶች የኮሚሽኖቹን ምክር «ትልቅ ክብደት» እንዲሰጡት በሕግ ይገደዳሉ። በ2022 በወጣው የከተማው ሕግ መሠረት ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎችም ከ2024 ጀምሮ በአካባቢ ምርጫ መምረጥና መመረጥ ይችላሉ። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሥርዓት በመናፈሻው አጥር ላይ ያቆማል። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለኮሚሽኑ ምክር ያን ክብደት እንዲሰጥ የሚያስገድደው ሕግ የለም።

የቋንቋም ነገር እንዲሁ ነው። የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ በ2004 ከወጣ ወዲህ፣ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። አንዲት አማርኛ ተናጋሪ እናት በከተማው ጽሕፈት ቤት አስተርጓሚ መጠየቅ መብቷ ነው። ልጇን ይዛ ወደ ሜሪዲያን ሂል ስትገባ ግን ያ መብት ከውጭ ይቀራል። በ2000 የወጣውና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎት እንዲያመቻቹ ያዘዘው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በመጋቢት 2025 ተሽሯል። አዲሱ ትእዛዝ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ቢያደርግም፣ መሥሪያ ቤቶች በሌሎች ቋንቋዎች የሚሰጡትን አገልግሎት እንዲያቆሙ አያስገድድም፤ ውሳኔውን ለየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ትቶታል። የግዴታ በር ተዘግቷል፤ የፈቃደኝነት በር ግን ክፍት ነው። የምክር ቤት አባላት ጽሕፈት ቤቶች የሚጽፉት ደብዳቤ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

የአማርኛ ተናጋሪው ድርሻ

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ፣ በተለይም የ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት ወደ ዋሽንግተን መጡ። በመጀመሪያ ሱቅና ምግብ ቤት የከፈቱት ከመናፈሻው በስተ ምዕራብ በእግር በሚደረስበት በአዳምስ ሞርጋን ነው። ኪራይ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና ተሻገሩ፤ ዛሬ ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ወጥተዋል። በ2000ዎቹ አጋማሽ የ9ኛው ጎዳና አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም ጥያቄ ሲቀርብ፣ አካባቢውን የጥቁር አሜሪካውያን የባህል መዲና አድርገው ከሚያዩ ነዋሪዎች ተቃውሞ ገጥሞት ነበር።

ያ ክርክር ለዛሬ ትምህርት ነው። በሜሪዲያን ሂል አማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ የሚያቀርበው ጥያቄ የስም ወይም የሐውልት ጥያቄ ሊሆን አይገባውም። በዚያ ኮረብታ ላይ ከእርሱ በፊት ቤት የነበራቸው፣ ያለ ፈቃዳቸው የተነሡ ሰዎች አሉ። የኪራይ ውድነት ከሰፈር ወደ ሰፈር ያሻገረው ሕዝብ የእነዚያን ቤተሰቦች ታሪክ ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል። ስለዚህ የሚጠይቀው ነገር ሁሉንም ጎረቤት የሚጠቅም ቢሆን ክብሩም ኃይሉም ይጨምራል።

አራት ተግባራዊ ጥያቄዎች

አንደኛ፣ የምክክር ቦታ። በ1966ቱ ብሔራዊ የታሪክ ቅርስ ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 106 መሠረት፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅርሱን የሚነካ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱን ማጤንና ማማከር አለበት። ጉዳዩ የሚመለከተው ማኅበር «የምክክር ተሳታፊ ወገን» ሆኖ እንዲቆጠር በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዜግነትም አይጠይቅም፤ አንድ ደብዳቤ ብቻ ይበቃዋል። በ1910 ለነበሩት ነዋሪዎች ያልነበረው መሣሪያ ይህ ነው። የኅብረተሰቡ ማኅበራት መጀመሪያ ሊይዙት የሚገባውም ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ቋንቋ። የፓርኮች አገልግሎት በዲሲ ባሉት መናፈሻዎቹ የደኅንነት ማስታወቂያዎችን፣ የመዝጊያ ሰዓትንና የስብሰባ ፈቃድ መመሪያን ከተማው በሚጠቀምባቸው ቋንቋዎች፣ በአማርኛም ጭምር፣ በፈቃዱ እንዲያወጣ የምክር ቤት አባላት ይጠይቁት። በፌዴራሉ ደንብ መሠረት እስከ 25 ሰዎች የሚደርስ ሰልፍ በአብዛኛው የዲሲ የፌዴራል መናፈሻ ያለ ፈቃድ ይደረጋል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ማመልከቻው ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድሞ መቅረብ አለበት። ይህን ያላወቀ ማኅበር ሳያስበው ሕግ ይተላለፋል፤ ወይም ፈርቶ መብቱን ይተዋል።

ሦስተኛ፣ ጥገና። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ውዝፍ የጥገና ሥራ በመላ አገሪቱ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በ2020 የወጣው ሕግ ከ2021 እስከ 2025 ላሉት አምስት የበጀት ዓመታት በየዓመቱ እስከ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ለተለያዩ የፌዴራል መሬት አስተዳዳሪዎች ፈቅዶ፣ 70 በመቶውን ለፓርኮች አገልግሎት መድቧል። እንዲህ ያለ ፈንድ በተራዘመ ወይም በታደሰ ቁጥር፣ ሰፋፊ የተራራ ፓርኮች ብቻ ሳይሆኑ መኪና የሌለው ቤተሰብ በእግሩ የሚደርስባቸው የከተማ መናፈሻዎችም በመመዘኛው ውስጥ እንዲቆጠሩ ሊጠየቅ ይገባል። የፍራንክሊን መናፈሻ ምሳሌ ነው፦ መሬቱ የፌዴራል ሆኖ ሳለ፣ ከተማው፣ የፓርኮች አገልግሎትና የመሀል ከተማው የነጋዴዎች ማኅበር ተባብረው አድሰውት በ2021 ተከፍቷል። ባለቤትነት ሳይለወጥ ኃላፊነት መካፈል እንደሚቻል አሳይቷል።

አራተኛ፣ ታሪክ። ከ1910 በኋላ የተነሡት ቤተሰቦችና የዌይላንድ ሴሚናሪ ታሪክ ከንድፍ አውጪዎቹና ከሄንደርሰን ታሪክ እኩል በመናፈሻው ውስጥ ጎልቶ እንዲነገር፣ የከበሮ መቺዎቹ ልማድም እንደ ሕያው ቅርስ እንዲመዘገብ ይጠየቅ። ይህን ጥያቄ ስደተኛው ኅብረተሰብ ከጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቹ ጋር በአንድነት ቢያቀርበው፣ የ2000ዎቹን ቅሬታ በተግባር ይክሳል።

ማጠቃለያ

ክቡራትና ክቡራን፣

በሜሪዲያን ሂል ያለው ውሃ ከላይኛው ገንዳ ተነሥቶ 13ኛው ላይ ይደርሳል፤ ሞተሩ መልሶ ወደ ላይ ካልገፋው ግን ይቆማል። የሕዝብ መሬትም እንዲሁ ነው። ውሳኔ ከላይ ወደ ታች ብቻ ከወረደ አንድ ቀን ይደርቃል። የጎረቤቶቹ ድምፅ ተመልሶ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ በሕግ ውስጥ አለ፤ የምክክር ደብዳቤው፣ የኮሚቴው ችሎት፣ የበጀቱ ዝርዝር። ለምክር ቤት ሠራተኞች የሚቀረው መንገዱን ክፍት ማድረግ ነው፤ ለማኅበራት የሚቀረው ደግሞ በመንገዱ መሄድ ነው። የሚቀጥለው እድሳት ሲታሰብ በጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት ሰዎች ዝርዝር ዛሬ መዘጋጀት ይጀምራል። በ1910 ያ ዝርዝር ሲወጣ የኮረብታው ነዋሪዎች ስም አልነበረበትም።